የታጠበው የጸሎት ባንዲራ

ፈረንጁ አሁን ገበያ የሚወጣው የሚስቱን ሹራብ ለብሶ ነው። እጅጌው ያጥረዋል። ድሮ ሁለቱ እሁድ እሁድ ወደ ተራራማዋ የፓሮ ከተማ ገበያ ሲወርዱ፣ ሚስትየው በርበሬ እየመረጠች ከአትክልት ሻጯ ከዩደን ጋር ትከራከር ነበር፤ እሱ ዘንቢሉን ይዞ ከኋላ ይቆማል። ዛሬም ለአንድ ሰው የሚበዛ በርበሬ ይገዛና፣ የሚጠብቀው ሰው ያለ ይመስል ትንሽ ቆም ይላል።

ዩደን ከገበያ ስትመለስ ወንዝ ዳር ተንበርክኮ አገኘችው። ሚስቱ ስትሞት መንደርተኛው ኮረብታው ላይ ያቆመላትን ነጫጭ የጸሎት ባንዲራዎች አውርዶ በሳሙና ያጥባል። ዩደን ደነገጠች። በአገሩ የቡድሃ እምነት ነፋሱ ጨርቁ ላይ የታተመውን ጸሎት ለሟች ይወስዳልና፣ ለሙት የተሰቀለ ባንዲራ ነፋስ እስኪጨርሰው አይነካም።

"ጋሼ! ምን ነካዎት? ይሄ እኮ አይታጠብም!"

"አቧራ ጠግቦ ነበር፤ እሷ ደግሞ ቆሻሻ አትወድም" አለ ቀና ሳይል። "እዚህ አገር የመኖር ፈቃድ ያገኘሁት በእሷ ሥራ ነው። አሁን ሰኞ ከአገር ውጣ ብለውኛል። ከእንግዲህ ማን ያጥብላታል፣ እትዬ ዩደን?"

"ነፋሱ አለላት" ልትለው አፏን ከፈተች። ግን የጸሎቱ ፊደል ሟሙቶ ከጨርቁ ጥቁር ውሃ ይወርዳል፤ ነፋሱ የሚወስደው ነገር አልቀረም። እሱ ጨርቁን ወደ ብርሃን አነሳና፣ "ነጣ፣ አይደል?" አላት።

"በረዶ መስሏል" አለችው። ከዚያ ቅርጫቷን አስቀምጣ የጨርቁን ሌላኛውን ጫፍ ያዘችና አብራው ጨመቀች።