ያልተሸነፈው ክለብ ወደ አዲስ ዓለም

ንጋት 12 ሰዓት፣ አምቦ መናኸሪያ

«ሆራ» የተባለው ፕሮፌሽናል የኢ-ስፖርት ክለባችን ለፍጻሜ ጨዋታ ጉዞ ጀመረ። ክለቡ ማለት ሁለት ሰው ነው፤ ተጫዋቿ ጫልቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እና ቡድን መሪው እኔ፣ የኬሚስትሪ መምህር። የምንለማመድበት ጌም ቤት ባለቤት ኦቦ ቶሎሳ ሊሸኙን መጡ።

«ዋንጫ ካላመጣችሁ ቴሌቪዥኖቹን አውጥቼ ቤቱን ሲሚንቶ እሸጥበታለሁ» አሉን። ምርቃት ማለት እንዲህ ነው! ጫልቱ ከዚያ ቤት ሌላ መለማመጃ የላትም።

1 ሰዓት ተኩል፣ ጊንጪ

ሚኒባሱ ለሻይ ቆመ። ጫልቱ ከጭንቀት የተነሳ ብስኩቷን እንኳ አልነካችም።

«ቲቸር፣ ምን ልትጫወቱ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«ኳስ። በቴሌቪዥን።»

«እሱንማ እኔም በየሳምንቱ አያለሁ!»

ገድላችንን ተረክሁለት። የጊንጪን ቡድን የረታነው እየመራን ሳለ መብራት ስለጠፋ ነው። የጉደሮቹ ደግሞ መኪና አምልጧቸው ቀሩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተሸነፍንም።

4 ሰዓት፣ አዲስ ዓለም

ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ዋንጫ ይወስዳል። ዳኛው ይህን በድምጽ ማጉያ ሁለቴ ተናግሯል። ጫልቱ የመጀመሪያውን ጨዋታ በሁለት ለአንድ ጎል ተሸነፈች። ከዚያ ጆይስቲኩን አስቀመጠች፣ ተጋጣሚዋን ጨበጠች፣ ወጣች። እኛ ጌም ቤት ተሸንፎ ወንበር ላይ የሚቆይ ነውረኛ ነው። ታላቁ ቡድን መሪስ? ቦርሳዋን ተሸክሜ «አይዞሽ» እያልኩ ተከተልኳት!

መናኸሪያ ስንደርስ ድምጽ ማጉያው «ሆራ አቋርጦ ስለወጣ…» ሲል ሰማን። እየሮጥን ተመለስን። ተጋጣሚዋ ልጅ ከዋንጫው ጋር ፎቶ እየተነሳ ነበር። 

9 ሰዓት፣ አምቦ

ወሬው ቀድሞን ገብቷል። ጌም ቤቱ በር ላይ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ቆሟል። ኦቦ ቶሎሳ በእኛ ላይ የነበራቸው እምነት ያስቀናል።

«ሁለት ጨዋታ እየቀረ ማን ተነሺ አለሽ?» ብለው ኦቦ ቶሎሳ ጮኹባት።

ጫልቱ እንባዋን ጠረገችና ግድግዳውን አየች። እሳቸውም ዞረው አዩ። በገዛ እጃቸው፣ በቀይ ማርከር ጽፈው፣ ድሮ የለጠፉት ወረቀት ነው፦ «የተሸነፈ ወዲያው ይነሳ! ሰው ይጠብቃል!»

 ከዚያ ጆይስቲክ ነክተው የማያውቁት ሰውዬ ወንበር ሳቡ። «ነይ እስኪ፣ አሳዪኝ።»

አምስት ለዜሮ ተሸነፉ። እኔም ተራዬ መስሎኝ ወንበሩን ልቀበል ተጠጋሁ።

«ወዲያ በል፣ ቲቸር!» አሉኝ። «ገና ሁለት ጨዋታ ይቀረናል።»