መፈክሩ የጠፋበት ሰኞ

ባለፈው ሳምንት አሮጌው ላፕቶፔ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ጫንኩ። የእኔ እኩዮች ስልካቸው ድምፁ ሲጠፋ የልጅ ልጅ ይጣራሉ፤ እኔ ማንንም አልጠራሁም። ሊኑክስ መልኩ ብዙ ነው፤ ሰው እንደ ልብስ የሚወደውን ይመርጥለታል። እኔም እንደ ልማዴ ከሁሉ የተለየውን መረጥኩ። የለመድኳቸው ምልክቶች የሉበትም፤ መስኮት ሲከፈት ሌላውን ገፍቶ አጠገቡ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሲበራ ባዶ ሰማያዊ ገጽ ብቻ ወጣና ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። ባለቤቴ በበሩ ስታልፍ አየችኝ።

«ምነው፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። መልኩ ተለውጦብኝ ነው።»

ይህን ድንጋጤ አውቀዋለሁ። አዳማ ገና ናዝሬት ስትባል፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ጢሜ በቅጡ ሳይወጣ ደንግጬዋለሁ።

በአንድ የመንግሥት እርሻ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የሽንኩርቱና የቲማቲሙ ማሳ መቂ ነው፤ ወረቀቱ ግን ሁሉ ናዝሬት እኛ ዘንድ ይመጣል። አንድ ቀን ኮምፒዩተር መጣልንና ሰው ሁሉ ፈራው። እኔ መመሪያውን ቤቴ ወስጄ በመዝገበ ቃላት ቃል በቃል ፈታሁት። አስተማሪ አልነበረኝም፣ አላስፈለገኝምም። ብዙም ሳይቆይ ያንን ማሽን የሚያናግረው እኔ ብቻ ሆንኩ።

የማሽኑ ክፍል ቤተ ክርስቲያን ይመስል ጫማ ተወልቆ ነበር የሚገባው። አቧራ ይገድለዋል ተብሎ ነው፤ ናዝሬት ላይ ደግሞ ጋሪ ባለፈ ቁጥር አቧራ በመስኮት ይገባል። ሥራ ሲያልቅ ማሽኑን ጥልፍ ያለው ነጭ ጨርቅ እናለብሰዋለን። አየር ማቀዝቀዣ ያለው ያ ክፍል ብቻ ስለነበር፣ በግንቦት ሙቀት ከእኔ ጋር ጉዳይ የሌለው ሠራተኛ አልነበረም። ኮሪደሩ ላይ የሚደረደረው ጫማ የዓርብ መስጊድ ደጅ ያስመስለው ነበር።

በዚያ ዘመን ደብዳቤ ያለ መፈክር አይዘጋም። ማሽኑም ያለ መፈክር መከፈት የለበትም ተባለ። ማሽኑ አማርኛ አያውቅም፤ እኔ ግን የኮከብ ምልክቶችን እየደረደርኩ ፊደል ሠራሁለት። ሲበራ ጥቁሩ ገጽ ላይ በአረንጓዴ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» ይላል። ከእኔ በፊት ይህን የሠራ ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ያኔ ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና ይመለመል ነበር። እኔን ያስቀረኝ ሥራ አስኪያጃችን ለቀበሌው የሚሰጡት ቃል ብቻ ነው፤ «ይህ ልጅ ከሄደ ማሽኑ ይቆማል» ይሏቸዋል። ማሽኑ ከቆመ እንግዲህ እኔም መሄዴ ነው።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ኢንጂነር ፈይሳ ከመቂ መጡ። የመስኖው ኃላፊ ናቸው፤ ለትምህርት ውጭ አገር ቆይተው መመለሳቸው ነበር። በአንድ እጃቸው ፓፓያ፣ በሌላው ዲስክና ጅራት ያለው ሳሙና የመሰለ ነገር ይዘዋል። ማውስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አከም ጅርታ፣ የማሽኑ ባል?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ ኢንጂነር። ምን ይዘው መጡ?»

«ለሚስትህ አዲስ መልክ። ትእዛዝ መጻፍ ቀረ፤ ሥዕሉን መንካት ብቻ ነው። ትሞክረዋለህ ወይስ ጓድ ሥራ አስኪያጅን ታስፈቅዳለህ?»

«እኔ ለመሞከር ማንን አስፈቅዳለሁ?»

«ስሜን እንዳታነሳ እንጂ» ብለው ሳቁና ወደ መቂ ተመለሱ።

ቢሮው ባዶ ነበር። ማውሷን በጅራቷ ከማሽኑ አገናኝቼ ዲስኩን ከተትኩ። ማሽኑ ሲያጉረመርም ቆየና ጥቁሩ ገጽ ድንገት ነጣ። መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ቀስት ቆማለች። ማውሷን የያዘ እጄን ሳንቀሳቅስ ቀስቷም ተንቀሳቀሰች። ከወንበሬ ተነስቼ ግድግዳውን ተደገፍኩ። እስከዚያች ሰዓት ማሽን የሚሠራው የነገሩትን ነበር፤ ይኸኛው እጄን ያየኝ መሰለኝ። ከዚያ ፓፓያዬን እየበላሁ ስዕል መሳያውንም፣ ሰዓቱንም፣ ሁሉንም ከፈትኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አጥፍቼ መልሼ ሳበራው መፈክሩ የለም። ማሽኑ ከጨለማው ቀጥታ ወደ ቀስቷ ሄደ። አዲሱ መልክ የእኔን መክፈቻ ደምስሶ በራሱ ተክቶታል። ወደ ጥቁሩ ገጽ መመለሻ ፈለግኩ፤ ትእዛዝ የምጽፍበት ቦታ እንኳን ጠፋ። ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ እስኪያስወጣኝ ድረስ ላብ በላብ ሆኜ ታገልኩ።

እሑድ ጠዋት ከጎረቤቴ ከጀማል ጋር ፉል ቤት ተቀመጥን። ጀማል እኩያዬ ነው፤ ጋሪ ይነዳል። ፉሉን በዳቦ ከመነካካት በቀር አልበላሁም።

«ኮምፒዩተሬ መፈክሩ ጠፋበት» አልኩት።

«አንተስ መፈክር ጠፋብህ፤ እኔ የቀበሌ ሰዎች ባየሁ ቁጥር መንገዱ ነው የሚጠፋኝ» አለና የእኔን ድርሻም በላልኝ።

ሰኞ ማለዳ ሮጬ ስደርስ ኮሪደሩ ላይ የማላውቀው ቡትስ ጫማ ቆሟል። የፓርቲው ኃላፊ ሳይታሰብ መጥተው ኖሯል። ሥራ አስኪያጁ ያንን በአማርኛ የሚከፈት ማሽን ሊያሳዩአቸው አጠገባቸው ቆመዋል። ኃላፊው በካልሲ ናቸው፤ የአንዱ እግራቸው አውራ ጣት ብቅ ብሏል። ማንም ወደዚያ አላየም።

«አብራው» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ።

አበራሁት። ነጩ ገጽ መጣ፤ ቀስቷም መጣች። የሥራ አስኪያጁ ፊት እንደ ገጹ ነጣ።

«መፈክሩስ?» አሉ ኃላፊው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

ጨለማ ውስጥ ግድግዳ እንደሚዳስስ ሰው ማውሷን ያዝኩና ስዕል መሳያውን ከፈትኩ። የማውሷን ቁልፍ ተጭኜ እየጎተትኩ «አ» ብዬ ጀመርኩ። ፊደሉ የአንደኛ ክፍል ልጅ የጻፈው ይመስል ጠመመ፤ ግን በእጅ የተጻፈ አማርኛ መስታወቱ ላይ እየወጣ ነው። ትልልቅ አድርጌ «አብዮታዊት እናት ሀገር» እስከሚለው ደረስኩ። እዚያ ላይ ማውሷ የጠባቧ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ደረሰች። አንስቶ መሐል ላይ መመለስ እንደሚቻል ያኔ ከየት ልወቅ? ባነሳት ሁሉም የሚጠፋ መሰለኝና ጠርዙ ላይ ይዣት ቀረሁ።

«'ወይም ሞት' የት አለ?» አሉ ኃላፊው።

«ጠረጴዛው አለቀብኝ ጓድ።»

ሳቅ ያመለጠው ሰው አልነበረም። ኃላፊው ጎንበስ ብለው ጠረጴዛዋን አዩ፣ እጄን አዩ፣ ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ።

«ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አላችሁ?»

«የለንም ጓድ።»

«እንግዲያው ሰፊ ጠረጴዛ አሠሩለት። ይጨርሰው።»

ቡትሳቸውን አጥልቀው ሲሄዱ እኔ ገና ማውሷን አልለቀቅኩም ነበር።

ሰፊው ጠረጴዛ በመጣበት ሳምንት የሰፈሬን ልጆች ለውትድርና ጭነው ወሰዷቸው። ስሜ አልተጠራም፤ ጀማል ግን ተጠራ። እነሱን የጫነው መኪና በቢሮአችን በኩል ሲያልፍ እኔ በካልሲዬ ተቀምጬ፣ ቀዝቃዛ አየር እየነፈሰብኝ፣ «ሞት» የሚለውን ቃል በማውስ አሳምር ነበር።

ይህን ታሪክ ሳወራ ሰዎች ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዕድለኛ ነህ ሲሉኝ ግን አልቀበልም፤ ያዳነኝ የራሴ እጅ ነው፣ እስከ ዛሬም ይህን እላለሁ። ማታ ላፕቶፑን ዘግቼ ስተኛ ግን «ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው አላችሁ?» ያሉት የኃላፊው ጥያቄ ይመጣብኛል። ስለ ጀማል እንዲያ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቢጠየቅ መልሱ ያው «የለንም» ነበር፤ ከሄደ በኋላ የጋሪውን ፈረስ ብዙ ሰው ሞከረው፣ ለማንም እሺ ብሎ አልተራመደም።