ሽበሺና ውሃ የማያስገባው ጓንት

የሽበሺ ስም በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር። ደግ ነው፣ ሥራውን አክባሪ ነው፣ ሰው ሲቸገር ቀድሞ ይደርሳል። ግን ዝም ካለ ዝም ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስለፋ እያየኝ፣ የምፈልገው ነገር የት እንዳለ ሊነግረኝ ሲችል፣ አፉን ይዞ ተቀመጠ።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. ነው። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር የአንድ የመንግሥት እርሻ የውሃ መሳቢያ ጣቢያ ነበረን። ሐይቁ ውስጥ የገባው ቧንቧ አፉ ላይ ወንፊት አለው፤ ወንፊቱን ሣር፣ የተበጣጠሰ መረብና የሞተ ዓሣ ይደፍነዋል። ሽበሺ የመንዝ ሰው ነው፤ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ጠላቂ ነበር። ወደ እኛ ተዛውሮ ከመጣ ጀምሮ የአየር ሲሊንደሩን በጀርባው አዝሎ እየወረደ ወንፊቱን የሚያጸዳው እሱ ነው። እኔ ማቴዎስ ደግሞ የዱራሜ ልጅ ነኝ። ሥራዬ እሱን ማልበስ፣ ገመዱን ይዤ ጀልባ ላይ መጠበቅ፣ ሲወጣ ልብሱን ማውለቅ ነው።

የሐይቁ ውሃ ሽበሺን ሁለት ጊዜ ቢልሃርዝያ አስይዞታል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲታከም ሐኪሙ በግልጽ ነገረው፦ ሦስተኛ ከመጣህ ከውሃ ሥራ እንድትወጣ እጽፋለሁ። ከውሃ መውጣት ማለት የጣቢያው በር ላይ ዘበኛ መሆን ነው። ሽበሺ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። «መሬት ላይ እኔ ምን አውቃለሁ?» አለኝ። ያን ቀን አሳዘነኝ። በኋላ ነው ያናደደኝ።

እንደ ዕድል ሆኖ ከአንድ ወዳጅ አገር ውሃ የማያስገባ የጠላቂ ልብስ በእርዳታ መጣ። አገሩ ሐይቁ በረዶ የሚሠራበት አገር መሆኑ ያስታውቃል። ልብሱ ከእግር ጣት እስከ አንገት አንድ ወጥ ነው፤ አንገቱና የእጅ አንጓዎቹ ላይ ቆዳን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ስስ ጎማ አለው። ከእጅጌው ጫፍ ላይ ጠንካራ ቀለበት አለ፤ ወፍራሙ የጎማ ጓንት በራሱ ቀለበት እዚያ ላይ ገጥሞ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። እጅ ጠብታ ውሃ ሳይነካው ይወጣል ይላሉ። መመሪያው ማንም በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ደግነቱ ሥዕል አለው።

ጓንቱ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ፍጡር ነው። የሽበሺ ጣት ካለቀ በኋላ አንድ አንጓ ባዶ ጎማ ይተርፋል። ሥዕሉ ላይ ከውስጥ የሱፍ ጓንት ይለበሳል። ሀዋሳ ገበያ ገብታችሁ የሱፍ ጓንት ስጡኝ በሉ እስቲ። በመጨረሻ ሚስቱ የሱፍ ክር ገዝታ ሠራችለት። ጎረቤቶቿ በዚያ ሙቀት በረንዳ ላይ ሹራብ ስትሠራ አይተው፣ «ለየትኛው ብርድ ነው?» እያሉ አላገጡባት። ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆይቶ የደነዘዘ እጅ አላዩማ።

የመጀመሪያውን ቀን ገና ስድስት ሜትር ሳይወርድ ገመዱን ደጋግሞ ሳበና ወጣ። ውሃው ጓንቱን ከውጭ ተጭኖ እጁ ላይ አጣብቆበታል፤ የጎማው እጥፋት ጣቶቹን እንደ ጉጠት ቆንጥጦ አበላልዟቸዋል። ሥዕሉን እንደገና አየን። ለካ ጓንቱ ከመቆለፉ በፊት ከአንጓው ጎማ ሥር አጭር ክር ይገባል። ክሩ ጎማውን ትንሽ ከቆዳ ያነሳዋል፤ በዚያች ቀዳዳ የልብሱ አየር ወደ ጓንቱ ያልፍና እጁን ነፃ ያወጣዋል። ከሱፉ ክር ቆርጬ በሁለቱም እጆቹ አስገባሁ። ቁንጠጣው ቀረ። ይህን ክር ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ ሳልል ነው ሦስት ወር የተቃጠልኩት።

ቁንጠጣው ቀረ እንጂ ውሃው አልቀረም። ሽበሺ በወጣ ቁጥር ጓንቱን ስከፍት የሱፉ ጓንት ይጨመቃል። ቀለበቱን አጠበቅኩ። ጎማው ላይ የሕፃን ፓውደር ነሰነስኩ። ጓንቱን ጎሚስታ ቤት ወስጄ ስፌቱን በማስቲሽ አስለጠፍኩ፤ ጎሚስታው ሲስቅብኝ ዋለ። ጓንቶቹን ውሃ ሞልቼ የልብስ ገመድ ላይ ሰቀልኳቸው፤ ሐይቅ ዳር የሚውሉት ትልልቅ አሞራዎች፣ አባ ኮዳዎች፣ ሥጋ መስሏቸው ከሥር ተሰልፈው ሲያፈጡ ዋሉ እንጂ ጠብ ያለ ነገር የለም። በማግስቱ ሽበሺ ወርዶ ይወጣል፣ ጓንቱ ውሃ ነው። ከንቱ ድካም። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የተባለው ለእኔ ነው።

እሱ ምን ይላል? ምንም። ጀልባው ጫፍ ላይ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ቁጭ ይላል። ያ ፎጣ አይለየውም። የአንገቱን ጎማም እኔን አያስነካኝም፤ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ራሱ ያጠልቃል፣ ራሱ ያወልቃል። «የባሕር ኃይል ወግ ነው» አለኝ። እኔ ሞኙ አመንኩት።

ጓድ ገብረየስ የጣቢያችን ኃላፊ ነው፤ የሰኞውን የውይይት ክበብ የሚመራውም እሱ ነው። በዚያ ሙቀት የካኪ ሸሚዙን ቁልፍ እስከ ጉሮሮው ቆልፎ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ስለ ሥራ ጥራት ያስተምረናል። አንድ የፓምፕ ሞተር ሠራተኛ ኪሱ ውስጥ ዳዊት ተገኝቶበት ሁለት ሰኞ ሙሉ ሂስና ግለ ሂስ ሲያደርግ ከርሟል። እንግዲህ ጓድ ገብረየስ ጠራኝና፣ «ጓድ ማቴዎስ፣ ሐሙስ እኔው ጀልባው ላይ እገኛለሁ። ጓንቱ ውስጥ ውሃ ካገኘሁ ልብሱ ወደ መጋዘን ይመለሳል፤ ሽበሺም ሐኪሙ እስኪጽፍ ሳንጠብቅ ወደ በር ዘበኝነት ይሄዳል» አለኝ።

ረቡዕ ልብሱን ብቻውን መረመርኩ። አንገቱን በጣሳ ደፍኜ፣ ጓንቶቹን ቆልፌ፣ አየር ሞልቼ፣ ከሽበሺ ጋር ተጋግዘን ሐይቁ ውስጥ ደፈቅነው። አንድ አረፋ አልወጣም። ልብሱ ጤነኛ ነው፣ ጓንቱ ጤነኛ ነው፤ የቀረው ሰውየው ነው። እጄ ላይ የአንጓው ክር ነበር። አየሁት። ከጎማ ሥር ክር ከገባ አየር ያልፋል፤ አየር ካለፈ ውሃም ያልፋል። ሽበሺ ወንፊቱን ሲያጸዳ ደግሞ እጁ ወደ ታች ነው፤ በላይ የገባ ውሃ ሁሉ በእጅጌው ወርዶ፣ እኔው ባስገባሁት ክር በኩል አልፎ ጓንቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ቀና ብዬ አንገቱን አየሁ። ፎጣው እዚያው ነው።

«አውልቀው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ፎጣውን። ሽበሺ፣ ዛሬ እንዳትቀልድብኝ።»

ቀስ ብሎ ፈታው። ጥቁር ማተብ። አጥብቃ ያሰረች እናት ያሰረችው፣ ልክ ጎማው የሚያርፍበት ቦታ ላይ የተኛ፣ ቋጠሮው የባቄላ ፍሬ የሚያህል ማተብ። በዚያ ቋጠሮ ሥር እንኳን ውሃ ታንኳም ያልፋል።

ተናደድኩ። እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። «ጎሚስታ ቤት ስመላለስ ታየኝ ነበር። ሚስትህ ሱፉን በየማታው ስትጨምቅ ታያለህ። ጉበትህን ለማን ብለህ ነው የምታስበላው?» አልኩት። «በቃ ፍታው።»

«አልፈታም።»

«እሺ ክር ቀጥለን እናርዝመው፣ ከጎማው በታች ይውረድ።»

«ለመቀጠል መፈታት አለበት።»

«ለአንድ ደቂቃ!»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ምጽዋ እያለን ካድሬው ሁላችንም እንድንፈታ አዘዘ። የእናቴን ቋጠሮ ላለመፍታት ክሩን ቆርጬ ኪሴ ከተትኩት። በዚያው ሳምንት አብሮኝ የሚጠልቀው ሽፈራው ወርዶ ሳይወጣ ቀረ። ማተቤን ስለፈታሁ ነው አልልም፤ አየሩ አልቆበት ነው። ሬሳውን ይዤ ስወጣ ግን አንገቴ ባዶ ነበር። እናቴ ያሰረችውን ከኪሴ አውጥቼ፣ የእሷን ቋጠሮ ሳልነካ በራሴ ቋጠሮ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ ልፍታው ብል እጄ እሺ አይለኝም» አለ።

የእኛ ጸሎት ቤት ከታሸገ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። እኔ ራሴ መዝሙር የምዘምረው መስኮት ዘግቼ፣ ራዲዮ ከፍቼ ነው። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም የሚፈስበት ቦታ አጥቶ ባሰበት።

«ወደ ላይ ይገፋ» አልኩ በመጨረሻ። «ወደ አገጭህ ይውጣ፣ ጎማው ከሥሩ ባዶ ቆዳ ላይ ይረፍ።»

«ይታያላ።»

«አዎ፣ ይታያል። ደርቀህ መታየት ወይም ተደብቀህ መበስበስ። ሌላ የለኝም።»

ፎጣውን ጠምጥሞ ወደ ቤቱ ሄደ። እንዲህ ነው ሽበሺ።

ሐሙስ ጠዋት ጓድ ገብረየስ ቁልፉን እንደቆለፈ ጀልባው ላይ ወጣ። ልብሱን አለበስኩት፣ ሱፉን አጠለቅኩ፣ ክሩን ከአንጓው ሥር አስገባሁ፣ ጓንቱን ቀጭ አድርጌ ቆለፍኩ። ፎጣው ገና አንገቱ ላይ ነው፤ በጓንት እጅ ደግሞ ራሱ ሊፈታው አይችልም። ያን ጊዜ ሽበሺ ፊቱን ወደ ሐይቁ አላዞረም። ወደ እኔ አዞረና አንገቱን ቀና አደረገልኝ። ፎጣውን አነሳሁ። ማተቡን በሁለት ጣት ወደ አገጩ ገፋሁና ጎማውን ከሥሩ ባዶ ቆዳ ላይ አስተካክዬ አሳረፍኩት። ጥቁሩ ክር ከጎማው በላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ጓድ ገብረየስ ፊት ቁልጭ ብሎ ታየ።

ጓድ ገብረየስ አየው። ሽበሺ ወረደ።

አርባ ደቂቃ ገመዱን ይዤ የሰኞውን ሂስ ሳስብ ቆየሁ። ሲወጣ ቀለበቱን ፈታሁ፤ ጓድ ገብረየስ ጓንቱን ከእጄ ነጥቆ እጁን እስከ አንጓው ከተተ። የሱፉን ጓንት ጨመቀ። ደረቅ ነው። ሌላውንም አየ። ደረቅ ነው።

«እና ጥፋቱ ምን ነበር?» አለኝ።

«ጓንቱ ነው ጓድ። ተጠግኗል።»

የሽበሺን አንገት እንደገና አየ። ሽበሺ ዓይኑን አልሰበረም። «ጓንቱ ነበር ብለህ ጻፍ» አለኝ ጓድ ገብረየስ፣ ቀስ ብሎ። «ሽበሺ ሥራውን ይቀጥላል።» ከዚያ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረና እጁን ወደ ጉሮሮው ሰደደ፤ የላይኛዋ ቁልፍ አለመከፈቷን በጣቱ ዳሰሰ።

እንደገና ደሜ ፈላ። ሦስት ወር ሙሉ በማስቲሽና በፓውደር ጓንት ስለጥፍ የከረምኩት፣ ለካ ማተብ በደበቁ ሁለት አንገቶች መሐል ቆሜ ነው።