በነጻ የለቀቅኩት ትራንዚሽን

ለትምህርት ዲላ መጥቼ ስመረቅ ሥራ አላገኘሁም፤ ጓደኛዬ በከፈተው የሰርግ ቪዲዮ ቤት አንድ ጠረጴዛ ይዤ ቀረሁ። እሱ ይቀርጻል፣ ያቀናብራል። እኔ የተማርኩት ኮድ መጻፍ ስለነበር ለማቀናበሪያው ሶፍትዌር ትንንሽ ፕለጊኖች፣ ማለትም ተጨማሪ መሣሪያዎች፣ መሥራት ጀመርኩ። አንዱ ምስል ወደ ሌላው የሚሻገርበትን፣ ባለሙያዎቹ ትራንዚሽን የሚሉትን ማለቴ ነው። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ምስሉ እንደ መጋረጃ ለሁለት ይከፈልና አዳራሹ ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ነገር። የሚሸጡት ከእኛ አቅም በላይ ስለነበሩ የእኔን በነጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቅኩት። ደካማ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ሳቀልለው፣ ሳሻሽለው ሁለት ዓመት ሄደ። ከማላውቀው ከተማ ሁሉ የምስጋና መልእክት ሲመጣ በሕይወቴ አንድ ቁም ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ይርጋጨፌ የሚሠራ ቪዲዮ ቀራጭ ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ይዞ መጣ። የዱመርሶ ቀበሌ ልጅ ናት። ላፕቶፑን ከፍቶ የሰርጓን ፊልም አሳየኝ። አባቷ ሊመርቋት ከወንበራቸው ተነሡ፣ የእኔ መጋረጃ ተከፈተ፣ ከዚያ ምስሉ ጠቆረ። አዛውንቱ በጌዴኦኛ ይመርቃሉ፣ ሰዉም ይቀበላል፤ የሚታይ ግን የለም። እስኪጨርሱ ድረስ ጥቁር ነው።

«ሳቀናብረው ደህና ነበር» አለ ቀራጩ። «ያለቀውን ግን ሳላየው አስረከብኩ።»

«ዋናው ቅጂስ?»

«የካሜራው ካርድ ላይ ሌላ ሰርግ ቀርጬበታለሁ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ ሰርጌ ካለፈ በሦስተኛው ወር አረፈ» አለች። «ፊልሙ የደረሰን ከለቅሶው በኋላ ነው። ወንድሜ፣ ይሄን የሠራኸው አንተ ነህ አሉኝ። ምስሉን ታወጣልኛለህ?»

አይሆንም ማለት አቃተኝ። «ልሞክር» አልኳት።

አራት ቀን ሙሉ የቀራጩን ካርድ ባገኘሁት የጠፋ ፋይል መፈለጊያ ሁሉ ፈተሽኩት። የሚወጣልኝ የሌላ ሙሽራ ጭፈራ ብቻ ነበር። ተመልሳ ስትመጣ ገና በሩ ላይ ከፊቴ አወቀች። ድምፁን ለብቻው አውጥቼ ስልኳ ላይ ጫንኩላት። ቆማ ትንሽ ሰማችው።

«ሲመርቅ እጁን እንዲህ ያደርግ ነበር» ብላ መዳፎቿን ዘርግታ አሳየችኝ። ከዚያ አመስግናኝ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስህተቱን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ማሽኑ ሲጨናነቅ ቀጣዩን ምስል እስከ መጨረሻው ጥሎ እንዲያልፍ የሚፈቅድ አንድ የኮድ መስመር ነበር፤ ለማፍጠን ብዬ ራሴ የጨመርኩት፣ የኮራሁበትም። አረምኩት። አዲሱን ለቅቄ «አሮጌውን አጥፉ» ብዬ በየቴሌግራም ግሩፑ ጻፍኩ። ጥቂት ሰዎች ላይክ አደረጉ።

ከወራት በኋላ የጓደኛዬን ካሜራ ላደርስ ቡሌ ከተማ ወጣሁ። የተቀበለኝ የአንድ ቪዲዮ ቤት ባለቤት የሰርግ ፊልም እያቀናበረ ነበር። ስክሪኑ ላይ የእኔን መጋረጃ አየሁት፤ አሮጌው ነው፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ የደረሰ።

«ይህን አጥፋው፣ ምስል ይበላል» አልኩት።

«እኛ ጋ ምንም አላደረገም። አዲሱ ማሽኑን ያንቀራፍፈዋል።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ዞር ብሎ አየኝና ሳቀ። «ተው እንጂ፣ ይሄማ የፈረንጅ ሥራ ነው።»

ስሜን የትም አልጻፍኩበትም ነበር። ቢያንስ ፊልሙን ሳያስረክብ በፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያየው ለመንኩት። እሺ አለኝ፤ ያለቀውን ፊልም ማውጣቱን አስጀመረና በሩን ዘግቶ ምሳ ሊበላ ወጣ።

የማውረጃ ገጹን ከዘጋሁት ቆይቷል። አዲስ ነገርም አልሠራሁም። በስንት ቤት፣ የስንት ሰው ፊት ጠቁሮ እንደቀረ የማውቅበት መንገድ የለኝም።