የውኃው ዋስ

በ1978 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ከይፋግ በታች ባለው ሜዳ ላይ የመቶ ሃያ ቤት ካስማ የተከልኩት እኔ ነኝ። ለመንደር ምሥረታ ከባሕር ዳር የተላክሁ ወጣት ቀያሽ ነበርኩ፤ ዕውቀቴ ትንሽ፣ ኩራቴ ብዙ። ሜዳው እንደ ገበታ ዝርግ ነው፣ ለገመድ ይመቻል። በበጋ መጥቶ የጣናን ዳር ያየ ሰው ክረምቱን ከየት ያውቃል?

በሦስተኛው ቀን አቶ መርስዔ ኀዘን መጡ። ሐይቁ ዳር የቆመውን ባለቁጥር ብረት ጠዋትና ማታ እያነበቡ የውኃውን ከፍታ በደብተር የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው፤ አገሬው «ውኃ ቆጣሪው» ይላቸዋል። ከጉያቸው ብራና አወጡ። ሜዳው፣ ዋርካው፣ ቤተ ክርስቲያኑ በጥቁር ተስለዋል፤ ውኃው የደረሰበት ድንበር ደግሞ በቀይ። ካስማዎቼ ሁሉ ከቀዩ መስመር በታች ናቸው።

«ቀይ ቀለም ለቅዱሳን ስም አልነበር እንዴ?» አልኳቸው ለማሾፍ።

«አንባቢ ዘሎት እንዳይሄድ ነው ልጄ። ውኃውንም እንዳትዘሉት ብየ ነው።»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ አንዳርጋቸው ብራናውን ገልብጦ አየና ሳቀ። «ዕቅዱ ጸድቋል። ካስማው ይነሣ የሚል ዋስ ይጥራ! ዘንድሮ ውኃ ካልመጣ ዋሱ ይታሰራል።»

በዚያ ዘመን ለወንድሙ ዋስ ለመሆን የሚደፍር ጥቂት ነበር። አቶ መርስዔ ግን ወዲያው «ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። ካስማው ተነቅሎ ወደ ዳገቱ ወጣ።

ማታ ብራናውን አተኩሬ ሳየው ደነገጥኩ። ጠርዙ ላይ ከተመዘገበው ሃያ ሁለት ክረምት ውኃው የወጣው አምስት ጊዜ ብቻ ነው።

«ዘንድሮ ላይመጣ እንደሚችል እያወቁ ነው ዋስ የሆኑት?» አልኳቸው።

«አውቃለሁ እንጂ! የሚመጣበትን ዓመት ማን ያውቃል? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እኔ ብታሰር አንድ ሰው ነኝ፤ እዚያ ታች የሚያድሩት ስንት ናቸው?»

ክረምቱ አለፈ፣ ውኃው አልመጣም። አቶ መርስዔን ወሰዷቸው። መቶ ሃያ አባወራ ፖሊስ ጣቢያው ደጅ ቆሞ «ዋሳቸው እኛ ነን» ቢል የሰማው የለም። ሦስት ወር ታሰሩ። ስጠይቃቸው የሚጨነቁት ስለ ብረቱ ነበር፤ «ዛሬ አነበብኸው?» ይሉኛል። በእሳቸው ፈንታ አነብ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ከሠራሁት ሥራ የምኮራው በዚያ ነው።

በተከታዩ ዓመት ነሐሴ ሐይቁ ወጣ። ካስማ የነቀልኩባቸው ጉድጓዶች ደረት በሚደርስ ውኃ ተዋጡ። ዳገቱ ላይ አንድም ቤት አልፈረሰም፤ የአንዳርጋቸውም ቤት ቢሆን። ውኃው ከቀዩ መስመር አልፎ፣ ከሁሉ ዝቅ ያለው የእማማ ሙሉነሽ ቤት ደፍ ሥር ደርሶ ቆመ።

ሕዝቡ እልል ሲል አቶ መርስዔ ጎንበስ ብለው ይለኩ ነበር። ቀለማቸውን አወጡና አዲስ መስመር አሰመሩ። አንዳርጋቸው አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲቀርብ ቀድመው ተናገሩ።

«መስመሬ አንድ ክንድ አጥሯል። ሳላጣራ ነው ዋስ የሆንሁት፤ ማሰራችሁስ ልክ ነበር።»