ዓይን ጨፍኖ መቆም

ባሌ አየለ አናጺ ነው። አየር ጤና ውስጥ ስንት በር እንደሠራ ራሱም አያውቀውም። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን አስተናጋጅ ነበር። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ምእመኑን ቦታ ቦታ ሲያስይዝ ላየው ራሱ ሙሽራው ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የከዳው እግሩ ነው። «ጥጥ ላይ የምራመድ ይመስለኛል» ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን የአንድ እግሩን ነጠላ ጫማ መንገድ ላይ ጥሎ፣ ሳይታወቀው ቤት ገባ። ሳቅሁበት። ምላሱ ቀልቶ ለሰለሰ፤ በርበሬ ያቃጥለኛል ብሎ ወጥ ሲሸሽ «ደግሞ ማማረጥ ጀመርክ?» እለዋለሁ። ሜትሩን የት እንዳስቀመጠ ይረሳና ሠራተኞቹ ላይ ይጮሃል። እግር ሌላ፣ ምላስ ሌላ፣ ጠባይ ሌላ፤ እነዚህን ማን አንድ ላይ ያስባቸዋል?

ከዚያ አንድ እሑድ ቆመን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ስንጸልይ አየለ ተንገዳግዶ ወደቀ። ሽማግሌያችን ዘርዓብሩክ ሮጦ መጥቶ እጁን ጫነበት። ዘርዓብሩክ ቅን ሰው ነው፣ ክፋት የለበትም። ጉባኤው ግን በአንድ አፍ «ውጣ!» አለ። በሚቀጥለው እሑድ ወደ ፊት ጠርተው ዓይንህን ጨፍን አሉት። ጨፈነ፣ ወደቀ። ከአስተናጋጅነቱም «ለጊዜው እረፍ» ተባለ። ሲወድቅ ሰይጣን አለበት ይላሉ፤ ቢቀር ደግሞ ሰይጣኑ ከጸሎት አሸሸው ይላሉ። ለስንቱ በር የሠራ ሰው መውጫ አጣ።

ከሁሉም የባሰው እሱ ራሱ ማመኑ ነበር። «ምን በድዬ ነው የገባብኝ?» እያለ ያለቅሳል። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። በሰይጣኑ ይሁን በሰዉ እንጃ፣ ብቻ ተናደድኩ።

አንድ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ቧንቧው ጋ ፊቱን ሲታጠብ ከነአረፋው ተዘረረ። አነሳሁትና «አየለ፣ እዚህ ደግሞ ማን ጸለየልህ?» አልኩት።

«ሳሙናው እንዳይገባብኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር» አለኝ። እዚያው ቆመን ተያየን።

ዘነበወርቅ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ እግሩን አጋጥሞ እንዲቆም አደረገችና «አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለችው። አየለን ላብ አጠመቀው። «ዶክተር፣ እሱን ብቻ አይዘዙኝ።»

«አይዞዎት፣ እይዝዎታለሁ።»

ጨፈነ፣ ወደቀ፣ ያዘችው። ማንም አልጮኸም።

ምላሱን አየች። ሆዱ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ድሮ ለጨጓራ ቁስለት ግማሽ ጨጓራው ወጥቶ ነበር። ደሙን አስመረመረች፤ ቫይታሚን ቢ12 አልቆበታል። ጨጓራው ስለተቆረጠ፣ ሥጋም እንቁላልም ቢበላ ሰውነቱ ቫይታሚኑን መውሰድ አቅቶታል፤ በዚህ የተነሳ ነርቩ ተጎድቷል፤ የምላሱ መቅላትም የመርሳቱም ምክንያት ይኸው ነው። እግሩ መሬቱን ስለማይሰማው የሚቆመው በዓይኑ ነበር። መድኃኒቱ መርፌ ነው፣ ዕድሜ ልኩን።

ቀስ በቀስ ተሻለው፣ የጣቶቹ ጫፍ ግን ዛሬም ደንዛዛ ነው። አንድ እሑድ ጨፍኖ ቆመ፤ አልወደቀም። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ዘርዓብሩክ ማይኩን ሰጠውና «ወንድሜ፣ ነጻ መውጣትህን መስክር» አለው። መርፌውን ቢናገር ያን ሁሉ የጸለዩለትን ወንድሞች ማሳፈር መሰለው። ዝም ቢል ደግሞ ሰይጣኑ አፉን ያዘው ሊሉ ነው። «ጌታ ነጻ አወጣኝ» አለ። ዋሸ አልልም፤ ግን ያወቀውን አልተናገረም። ቦታው ተመለሰለት። ከዚያ ወዲህ መርፌውን የሚወጋው «እንጨት ልገዛ ነው» እያለ፣ ተደብቆ ነው። ዳነ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ በሩ እንደገና የተዘጋበት መሰለኝና ከፋኝ።

ባለፈው እሑድ ናዝራዊት የምትባል እህታችን በጸሎት መሃል ወደቀች። እግሬ አይሰማኝም ስትል ከርማ ነበር። «ውጣ!» ተጀመረ። ዘርዓብሩክ አየለን ጠርቶ ማይኩን ሰጠው። «አንተ ነጻ የወጣህ ነህ፣ እጅህን ጫንባት።»

አየለ በነጭ ሸሚዙ ወደ ፊት ሄደ። ማይኩን እንደያዘ አጠገቧ ተንበረከከ፤ እጁን ግን አልጫነም። ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ሁላችንም ሰማነው።

«አይዞሽ እህቴ። እስቲ ምላስሽን አሳዪኝ።»