አባቴ ሚስት ሊያሳየኝ አባያ የወሰደኝ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ ከአርባ ምንጭ ሲመለስ ልጆች መንገድ ዳር አንጠልጥለው ከሚሸጡት ዓሣ ገዝቶ ገባ። ፌስታሉን ወጥ ቤት አስቀምጦ እጁን ታጥቦ ሄደ፤ የቀረው ሥራ የኔ መሆኑን ለመናገር እንኳን አልደከመም። ፌስታሉን ስፈታው የጭቃና የውሃ ሣር ሽታ ወጣ፤ ክፉ ሽታ አይደለም። እኔ ግን ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሶዶ ተወልጄ ሶዶ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ ሐይቅ ዳር የዋልኩት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ያኔ አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ትምህርት በወላይትኛ ይሰጥ ተብሎ መምህሩ አባቴ፣ ጸጉሩ ከሸበተ በኋላ፣ አፉን የፈታበትን ቋንቋ በላቲን ፊደል መጻፍ ሊማር ክረምቱን ስልጠና ገብቶ ነበር። ማታ ማታ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጮክ ብሎ ሲያነብ እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና ትስቅበታለች። የታመመችው በዚያ ክረምት ነው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ሳንባ ነው ተባለ፣ በመጨረሻ የሚባልም ነገር ጠፋ። ነሐሴ ሳያልቅ ቀበርናት።

እኛ የወንጌል አማኞች ነን። ከተማው ውስጥ ያኔ የእኛ ሰው ለቅሶ ሲቀመጥ ደረት አይደቃም፣ ፊት አይነጭም፤ ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሱ ይባላል። በባህሉ ሜዳ ወጥተው እየዘለሉ እያለቀሱ ሟቻቸውን የሚሸኙት የገጠር ዘመዶቻችን እንኳን ከእኛ ግቢ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ የመዘምራን አባል ነበርኩ። እናቴ ስትቀበር ነጭና ሐምራዊ ልብሴን ለብሼ፣ የፊተኛውን ረድፍ ይዤ ዘመርኩ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። «ጠንካራ ልጅ፣ እምነት እንዲህ ነው» አሉኝ። እኔ ግን ጥንካሬም አልተሰማኝም፣ እምነትም አልተሰማኝም። ሆድ ይፍጀው የሚባለው የሚፋጅ ነገር ሲኖር ነው፤ የኔ ሆድ ባዶ ጎተራ ነበር።

መስከረም ሲመጣ ጊፋታ ሆነ። ለወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚቆጥብለት በዓል። ጎረቤቶቻችን ኀዘንተኛ ናቸው ብለው ሥጋውንም ቆጮውንም ቅቤውንም አመጡልን። በላሁ። የምበላው ቅቤ ይሁን ጭቃ አላወቅኩም ነበር። ትናንሽ ወንድሞቼ ሲጣሉ እገላግላለሁ፣ ልብስ አጥባለሁ፣ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ ጥያቄ ስጠየቅ እመልሳለሁ። አንድም ሰው እዚያ አለመኖሬን አላወቀም።

ጥቅምት ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቤታችን መመላለስ ጀመሩ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ወንድሞቼ ገና ልጆች ናቸው፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፣ ነገ እሄዳለሁ፤ ቤቱ ሴት ይፈልጋል። ወንጌላዊ ታንጋ የሚባሉ፣ ቆላው ላይ የሚያገለግሉ ሰው፣ አባያ ዳር ባሏ የሞተባት አንዲት ምእመን አለች አሉ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማቸውና፣ «ልጄ አይታት እሺ ካለች» አለ። እናም ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሦስታችን በአይሱዙ ላይ ተጭነን ወረድን።

መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው። መኪናው የጨው ጆንያ ጭኖ ነበርና እኛም ጨው ላይ ተቀምጠን ሄድን። ሶዶን ስንለቅ ብርድ ነበር፤ እየወረድን ስንሄድ እንሰቱ እየሳሳ፣ በቆሎው እየበዛ ሄደ፤ ከዚያ ግራሩ መጣ፣ ሙቀቱም ከሥር እንደሚነድ ምጣድ መጣ። ጠበላ ከተማ ላይ ሻይ ለመጠጣት ወረድን። ወንጌላዊው ለመጸለይ ይሁን ለሌላ ጉዳይ ጓሮ ሲሄዱ አባቴ ብርጭቆውን እያሽከረከረ፣

«ማርታ፣ የምንሄድበትን ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ።

«አውቃለሁ አባ።»

«ቃሉ ያንቺ ነው። እምቢ ካልሽ እዚያው ያበቃል፣ ማንም አይቆጣሽም። እሺ ካልሽ ከገና በፊት ትገባለች።»

«እሺ።»

«አሁን አይደለም እኮ። አይተሻት ነው።»

ሌላ ነገር ሊናገር ይመስል ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሻዩን ጨለጠውና ሒሳብ ከፈለ። እኔ በዚያች ሰዓት ልቤ ሊመታ ይገባው እንደነበር አሁን አውቃለሁ። የአንዲት ሴት ዕጣ፣ የአባቴ ዕጣ፣ የወንድሞቼ እናት ማን እንደምትሆን፣ ይሄ ሁሉ የኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔ የማስበው ግን ጆንያው ቀሚሴን ማቆሸሹን ነበር፤ እሱንም ያን ያህል አላሰብኩበትም።

ከጠበላ በኋላ በእግር ጭምር ሄደን መንደሩ ደረስን። የሣር ጎጆዎች፣ ግራር ላይ የተሰጡ መረቦች፣ ከቀላል እንጨት የተጋጠሙ ታንኳዎች አሉ፤ አባ ኮዳ የሚሏቸው ራሰ በራ ረጃጅም ወፎች እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይመላለሳሉ። ሐይቁ ቡናማ ነው፤ ሰማያዊ ውሃ የጠበቀ ሰው ይከፋዋል። እኔ ምንም አልጠበቅኩም ነበርና አልከፋኝም።

ልናያት የመጣናት ሴት፣ አልታዬ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣ ዓሣ ትሰነጥቅ ነበር። መንገድ ላይ እንደተነገረን፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ታንኳውን ገልብጦበት ባሏን ሐይቁ ወስዶታል፤ አስከሬኑም አልተገኘም። ልጅ የላትም። ወባ በየክረምቱ ይጥላታል። የምትኖረው ለነጋዴ ዓሣ እየሰነጠቀች በምታገኛት ነው። ሶዶ መግባት ማለት ለእሷ ቆርቆሮ ቤት ማለት ነው፣ የመምህር ሚስት መባል ማለት ነው፣ ከወባ መገላገል ማለት ነው። ስንደርስ ተነሥታ እጇ ቅርፊት በቅርፊት ስለነበር ክንዷን ዘርግታ ሰላም አለችን። መልከ ቀና ሴት ናት፣ ጠይም፣ ስትናገር ፊት ለፊት የምታይ። ልታስደስተን ጥርሷን ስታሳይ አላየኋትም።

ምሳ ጎጆዋ ውስጥ ቀረበ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተቀቅሎ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ በኮባ ቅጠል ላይ ደግሞ ዳጣ። ዳጣ እንግዲህ የእኛ አገር ሰው የሚኮራበት ነው፤ ሚጥሚጣ የሚያስንቅ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተወቅጦ የሚሠራ፣ ልጅ ሆነን በትንሽ ጣት ጫፍ እየነካን ያደግንበት። የአልታዬ ዳጣ ግን ሌላ ነበር። አባቴ ሁለቴ አጥቅሶ ግንባሩ ላብ አወጣ። ወንጌላዊ ታንጋ ዓይናቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ ተማሪ መሆኔን አስበው በአማርኛ፣ «ይሄ ቆላ ዳጣ ነው፣ ልጄ፣ ትንሽ ትንሽ ነው የሚበላው» አሉኝ።

እኔ ቂጣዬን እየነከርኩ በላሁ። አልታዬ ከቅጠሉ ላይ ያለቀውን አይታ በማንኪያ ጨመረችልኝ። እሱንም በላሁ። እንደገና ጨመረች፤ የቃሪያውን ፍሬ ፍሬ። ዓሣዋን ትታ እኔን ታያለች።

«አያቃጥልሽም?» አለችኝ በወላይትኛ።

«ደህና ነው፣ ይጣፍጣል» አልኳት። እንግዳ ለደንቡ የሚለው ነው። የሚጣፍጥም የሚያቃጥልም ነገር አፌ ውስጥ አልነበረም።

 ስንጨርስ፣ «ነይ እጅሽን ታጠቢ» ብላ ወደ ውሃው ወሰደችኝ። ወንዶቹ ጎጆው ውስጥ ስለ መንገዱና ስለ በቆሎ ዋጋ ሲያወሩ ይሰማል። ጎንበስ ብዬ እጄን ስነክር፣ «ራቂ፣ አዞ አለ እዚህ ጋ» አለችኝ። ሰማኋት። ግን አልራቅኩም፤ ሰውነቴ ውስጥ ዘለል በይ የሚለኝ ነገር አልነበረም። ክንዴን ይዛ ጎትታ አወጣችኝ፤ አጎታተቷ ቁጣ ነበረበት።

«እናትሽ መቼ ነው የሞተች?»

«በክረምቱ መጨረሻ።»

«አልቅሰሻል?»

«በእኛ ቤተ ክርስቲያን...»

«ስለ ቤተ ክርስቲያን አልጠየቅኩሽም። እኔም አማኝ ነኝ።»

«አላለቀስኩም» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች። «ባሌን ውሃው የወሰደ ጊዜ እኔም እንዳንቺ በላሁ። አንዲት አሮጊት ናት ዳጣ አብልታ ያወቀችብኝ። ምላሴ ቆስሎ፣ መቁሰሉን ሰው ነገረኝ።» ክንዴን ለቀቀችና፣ «አባትሽ ሲጠይቅሽ ምን ልትይ ነው?» አለች።

«እሺ።»

«ለምን?»

«ለኔ ሁሉም አንድ ነው» አልኳት። ክፋት አልነበረበትም። ለሰው የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነተኛ ነገር እሱ ነበር ከነሐሴ ወዲህ።

ተመልሰን ስንገባ አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ያ አስተያየቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ ያኔ ግን ልቤን አልነካውም። «እህ፣ ማርታ?» አለ።

«ይሁን አባ። እሺ።»

ወንጌላዊ ታንጋ፣ «ጌታ ይመስገን» ብለው ለጸሎት ባርኔጣቸውን አወለቁ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። አልታዬ ግን በሩ አጠገብ እንደቆመች፣ «ቆይ፣ አባ ወንጌላዊ» አለች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ፣ በአክብሮት ዝቅ ብላ፣

«ጋሼ መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ አልመጣም» አለች።

«ምነው? ልጅቷ እኮ እሺ አለች» አሉ ወንጌላዊው።

«እሷማ እሳት ባበላትም እሺ ትላለች። አብልቻትም አይቻለሁ። የዚህች ልጅ እናት ገና ከቤት አልወጣችም። ሰው ሳይወጣ እኔ በየት በኩል ነው የምገባው?» አባቴን አየችው። «እርስዎም ቢሆኑ እንደዚያው ነዎት።»

ወንጌላዊው አፍረው ብዙ ተናገሩ። አባቴ ግን የኮቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፈ፣ በዚያ ሙቀት፣ «ስለ ምግቡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ተነሣ። አልታዬ ለትንንሾቹ ብላ የደረቀ ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ስንደርስ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቅ ስላልነበረ ድመት በላችው።

ሲመሽ የመመለሻው መኪና ላይ አባቴና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሶዶ ገባን። በማግስቱ እሑድ ከንፈሬ አብጦ፣ ምላሴ ተልጦ ተነሣሁ። መዘመር አልቻልኩም። ሰው ሲጠይቀኝ ጉንፋን ነው አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሌላ ሴት ሊፈልጉ ሞከሩ፤ አባቴ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንገቱን መድፋት ተወ፣ አልፈልግም አላቸው። የአባቴ እኅት ከቦምቤ መጥታ ወንድሞቼን አሳደገችልን።

እኔ ያለቀስኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ተምሬ ቦዲቲ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ነው። ገበያ መሐል አንዲት የማላውቃት ሴት ቦይና የምንለውን ሥራ ሥር ስትገዛ በጥፍሯ ጫር አድርጋ አሸተተች፤ እናቴ እንደምታደርገው። እዚያው ጆንያ መሐል ተቀምጬ ጮኼ አለቀስኩ። ሻጯ የታመምኩ መስሏት ውሃ ሰጠችኝ። ውሃው ይቀዘቅዝ ነበር፤ መቀዝቀዙ ተሰማኝ።

አባቴ አሁን ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። ሰማንያን አልፏል፤ ጆሮው ከብዷል፣ ልቡ ግን ደህና ነው። ባለፈው ቅዳሜ ዓሣውን ምሳ ላይ ሳቀርብለት ሳህኑን ትንሽ አይቶ፣ ምንም መግቢያ ሳያደርግ፣ «እምቢ ትያለሽ ብዬ ነበር የወሰድኩሽ» አለኝ።

«የት አባ?» አልኩ፣ የት እንደሆነ እያወቅኩ።

«ሽማግሌዎቹን እምቢ ማለት አቃተኝ። አንቺ ትያለሽ ብዬ ነበር። እሺ ስትዪ ጊዜ... ሞትኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺስ ለምን አልተናገርሽም?»

ሁለታችንም ወደ ሳህናችን ተመለስን። እኔ የማስበው ስለ እሷ ነበር። እዚያ ጎጆ ውስጥ ከተቀመጥነው ሁሉ ያን ጋብቻ ለራሷ ብላ የፈለገችው እሷ ብቻ ነበረች። እኔም አባቴም አልፈለግነውም፤ ግን ልንቀበለው ነበር። የተመኘችውን ቤት በገዛ እጇ ዘግታ እኛን ለኀዘናችን የመለሰችን እሷ ናት። ይሄ ምን ያህል እንዳስከፈላት ሳስብ አሁን ሰውነቴን ያመኛል። ያኔ ግን በወጉ እንኳን አልተሰናበትኳትም።

አባቴ እጁን ሲታጠብ፣ «በሕይወት ትኖር ይሆን?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት።

መንገዱ አሁን አስፋልት ነው። ጠዋት ከቤታችን የተነሣ ሰው አይቷት ለምሳ ይመለሳል። እኔም አባቴም አንድም ቀን እንሂድ ተባብለን አናውቅም።